የእትዬ ድገሙልኝ አርባ መልሶች

እህቴ አንድ ወንድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቃለች። ለጋብቻ እንዳይመስላችሁ። ቂሟን ልትወጣበት ነው። እሷ እንዲህ ብላ አትናገርም። እኔ ግን እናገራለሁ፤ የእሷ ቃል ከአፏ ለመውጣት ይታገላል፣ የእኔን ደግሞ ከወጣ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ሁለታችንም የምንሠራው በፈተናዎች መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል ነው። በሩ ላይ «የልዩ ፍላጎት ፈተና ዝግጅት» የሚል ሰሌዳ አለ። እኔ የማባዣው ማሽን ሠራተኛ ነኝ፤ እሷ ኃላፊዬ ናት። ከተወለደች ጀምሮ እጆቿ አይታዘዟትም። ስትናገር ምላሷ ይጎተታል፣ አንገቷ ወደ ግራ ይዞራል። የኮምፒውተሩ መጻፊያ ላይ አንድ አናጢ የሠራላት ባለ ቀዳዳ ጣውላ ተደርቦበታል፤ ጣቷ ከአንዱ ፊደል ወደ ሌላው እንዳይንሸራተት በየቀዳዳው እያስገባች በአንድ ጣት ትጽፋለች። እስክሪብቶ ግን አትይዝም። በእጅ የሚሞላ ነገር ሲኖር እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነን።

ሥራችን ሌሎች ጨርሰናል ያሉትን ፈተና እንደገና መጀመር ነው። «ሥዕሉን ተመልክተህ መልስ» የሚል ጥያቄ ለማያይ ልጅ ምን ይረባዋል? ካርታውን በሙጫና በክር እናወጣለታለን፤ ወንዙ ክር፣ ተራራው አሸዋ፣ ድንበሩ ወፍራም ሲባጎ። በመጀመሪያው ዓመት ሙጫ ሲዘገይብን በዱቄት ለጠፍን፤ ካርታዎቹ መጋዘን ባደሩ በሦስተኛው ቀን አይጦች ወንዙን በሉት። ላለቃችን «ወንዙ ተበልቷል» ብዬ ሳመለክት ቀልድ መስሎት ሆዱን ይዞ ሳቀ። እህቴ፣ እኔ እትዬ የምላት፣ አልሳቀችም። እሷ እያዘዘች እኔ እየለጠፍኩ በሁለት ቀን ወንዞቹን ሁሉ መለስናቸው።

የሚያነቡላቸው መምህራንም ጉድ ናቸው። ትክክለኛው ምርጫ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ሳያውቁት ከፍ ይላል። እትዬ ጀርባቸውን አዙራ ታስቀምጣቸውና አራቱንም ምርጫ በአንድ ድምፅ እስኪያነቡ ድረስ ታለማምዳቸዋለች። ደግሞ ሀ እና ሐ ለጆሮ አንድ ስለሆኑ፣ በአፉ የሚመልስ ልጅ «አንደኛው፣ ሁለተኛው» እያለ እንዲመልስ ያደረገችው እሷ ናት።

የእኔንም ጉድ ልናገር። አንድ ዓመት፣ ዓይናቸው ለደከመ ልጆች ወረቀቱን አጉልቼ አባዛሁ። ፊደሉ አውራ ጣት ያህላል፣ እኔም በሥራዬ ኮራሁ። ለካ ሒሳቡ ውስጥ «ይህን መስመር በማስመሪያ ለካ» የሚል ጥያቄ ነበረ! አምስት ሴንቲሜትር የነበረው መስመር እኔ ዘንድ ሲደርስ ስምንት ሆነ። አሥራ አንዱ ልጆች በትክክል ለክተው «ስምንት» አሉ፣ አሥራ አንዳቸውም ተሳስታችኋል ተባሉ። እትዬ ነገሩን ስትሰማ የእርማት አዳራሹ ድረስ ሄዳ ወረቀቶቹን አስመልሳ አሳረመች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ጻፊ» አለችኝ። ማን እንዳጎላው፣ ምን እንደተበላሸ፣ እንዴት እንደታረመ፣ ከነስሜ በገዛ እጄ አስጻፈችኝና ፋይል ውስጥ ከተተችው።

«እህትሽ አይደለሁም?» አልኳት።

«ለዛ ነው በደንብ ያስጻፍኩሽ» አለች።

ፋይል ማለት ለእሷ ይህ ነው። የሆነው ይጻፋል፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም።

ከሕጎቿ ሁሉ የሚበልጠው ግን የጸሐፊዎቹ ነው። መጻፍ ለማይችል ልጅ የሚጽፍለት ሰው፣ መልሱን በጻፈ ቁጥር ጮክ ብሎ መልሶ ማንበብ አለበት። ልጁ ካልረካ «ድገሙልኝ» ይላል፤ ጸሐፊውም ሺህ ጊዜ ቢሆን ይደግማል። ጸሐፊዎችን ስታሠለጥን ይህችን ቃል ከማብዛቷ የተነሳ ስሟ ቀርቶ «እትዬ ድገሙልኝ» ተባለች። ይህ ሕግ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነን።

እሷ የአሥራ አራት፣ እኔ የዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበርን። አባታችን ጫማ ሰፊ ነው። እትዬ በክፍሏ ከሦስተኛ ወርዳ አታውቅም። ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚያሳልፈው ፈተና ሲመጣ እኔ ልጽፍላት ብል ቤተሰብ አይቻልም ተባለ፤ ልክ ናቸው፣ ዛሬም የምንለው ይህንኑ ነው። የተሰጣት ጸሐፊ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ተማሪዎቹ «ቶሎ በሉ» ብለው ስም አውጥተውለታል፤ የሰዓቱን መስታወት በጥፍሩ ቀጭ ቀጭ እያደረገ «ቶሎ በሉ! ቶሎ በሉ!» ሲል ነው የሚውለው። በዕድሜው አንቱ ልለው ይገባል። በፊቱ ብያለሁ። እዚህ ግን አልልም።

ሁለቱን ብቻቸውን አንድ ክፍል አስገቧቸው። እኔ እትዬን ይዤ ወደ ቤት ልመለስ ውጭ እጠብቃለሁ። ባልዲ ደፍቼ ላዩ ላይ ቆምኩና በመስኮት አየሁ። አንደኛውን ጥያቄ ሰማት። ሁለተኛው ላይ «ምን?» አላት። ሦስተኛው ላይ ሰዓቱን ቀጭ ቀጭ አደረገ። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ክቦቹን በእርሳስ ወደ ታች ይሞላል። እሷ አምስተኛውን እየመለሰች እሱ አሥራ ሁለተኛው ላይ ደርሷል። ወረቀቱን ለመያዝ እጇን ስትዘረጋ፣ የሚንቀጠቀጥ እጅ ነውና፣ ቀስ አድርጎ ጭኗ ላይ መለሰላት። አርባው ጥያቄ በሃያ ደቂቃ አለቀ፤ እሷም ወረቀቱን በዓይኗ እየተከተለች አርባውንም አንብባ በሆዷ መልሳለች። ተነሳ፣ ራሷን ዳበሳትና «አይዞሽ፣ ጨርሰናል» ብሎ ወጣ።

አሥራ አንድ አመጣች። አሥራ አንድ ከአርባ! ዶሮ ብትጭረው አሥር ይገኛል።

አባቴ ደህናውን ኮቱን ለብሶ ሁለታችንንም ይዞ ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄደ። እትዬ ቆማ አርባውንም መልሶቿን ከአንድ ጀምራ ትናገር ጀመር። ዳይሬክተሩ ሦስት ያህል ሰማና ወደ መምህሩ ዞሮ «ምንድን ነው የምትለው?» አለ። እሷን አይደለም የጠየቀው፣ እሱን ነው! እሷ ግን እስከ አርባኛው ድረስ መናገሯን አላቆመችም። እሱም «ያለችውን ጽፌያለሁ። ደግ ሠርቼ ስሜ ጠፋ» ብሎ ተቆጣ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። አባቴ ይቅርታ ጠይቆ ይዞን ወጣ። አባቴን በሕይወቴ የጠላሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግስቱ የአባቴን ወስፌ ሰርቄ የመምህሩን ብስክሌት ሁለቱንም ጎማዎች ወጋሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ስሰማ እነዚያ ጎማዎች ትዝ ይሉኛል፤ ይኸው ወጊዋም አልረሳሁም።

እትዬ ሁለት ዓመት በአባታችን ሱቅ ውስጥ ተቀመጠች። የደንበኞቹን ጫማ የማን እንደሆነ፣ የትኛው ሶል እንደሚቀየር፣ መቼ እንደሚወሰድ በቃሏ ትይዝለታለች። ፈተናው እንደገና ይታያል የሚል ተስፋ ነበረን። እስኪታይ ድረስ እንዳንረሳው ብለን ዕቃ ስናጥብ፣ መንገድ ስንሄድ፣ ውሃ ስንቀዳ እንቀባበለው ነበር። እኔ «አንድ?» እላለሁ፣ እሷ «ሁለተኛው»። «ሁለት?» «አራተኛው»። «ሦስት?» «አንደኛው»። ማንም አላየውም። እኛም አልረሳነውም።

በሦስተኛው ዓመት እንደገና ስትቀመጥ የደረሰቻት ጸሐፊ አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። ያቺ ሴት በየመልሱ ቀና ብላ «እንዲህ ነው ያልሽው፣ እናቴ?» ትላት ነበር። እትዬ ፈተናውን አለፈች። ትምህርቷን ስትጨርስ መሥሪያ ቤታችን መጀመሪያ የቀጠራት የመጋዘን ረዳት አድርጎ ነው፤ ከአይጦቹ ጋር። የማያዩ ልጆች ፈተና ሲመጣና ሁሉም እጁን ሲያጣጥፍ «እኔ አውቃለሁ» አለች። እስኪገባቸው አራት ጊዜ ደገመችላቸው። በዚያው መጋዘን እትዬ አሥራ አንድ ያመጣችበት ዓመት የፈተና ወረቀትና የመልሱ ቁልፍ በቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው እናውቃለን። እኔ «እናርመው!» ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኳት።

«ጸሐፊ ያልጻፈው፣ ያልፈረመበት ወረቀት ወረቀት አይደለም» ትለኛለች። «ምኑን ታርሚዋለሽ?»

ባለፈው ዓመት የጸሐፊ እጥረት ሆነና ጡረተኛ መምህራን በደብዳቤ ተጠሩ። ምዝገባው እኛ ክፍል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ማሽኑ ላይ አጎንብሼ ሳለሁ ከኋላዬ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥፍርና መስታወት። ሳልዞር አወቅኩት። 

ፀጉሩ ጥጥ መስሏል፣ ሱሪው በመስመር ተተኩሷል። «ልጄ፣ ኃላፊው የታለ?» አለኝ።

በጣቴ እትዬን አሳየሁት። እሷን አየና ሌላ ሰው ከኋላዋ እንዳለ ሁሉ አሻግሮ ፈለገ። ምንም አላወቃትም። እኔ ፎርሙን ሰጠሁት፤ ሞልቶ ወጣ።

«እትዬ፣ እሱ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«አባሪው!»

«ምን ብዬ?»

«አልፈልግህም ብለሽ! በእኔ ምክንያት በይ!»

«አንቺ የምትገቢበት ሳጥን ፎርሙ ላይ የለም» አለችኝና ወደ ጣውላዋ ዞረች።

ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ግን ሐሳብ መጣልኝ፤ ሰይጣንም ቢሆን ያመጣው ደስ አለኝ። አዲስ ጸሐፊ በመጀመሪያ ቀኑ እትዬ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ሕጉ ነው። ጠረጴዛው ላይ ድምፅ መቅጃ ይቀመጣል፤ ያም ሕግ ነው፣ መቅጃውን የምይዘው እኔ ነኝ። ጣውላውን የሠራላት አናጢ አንዲት ልጅ አለችው፤ የአሥራ አራት ዓመት፣ እጇም ንግግሯም የእትዬ ዓይነት፣ በትምህርቷ ግን አንደኛ። ታዲያ እሷን ለቶሎ በሉ እንስጠው! ያችኑ ሥራውን ይድገማት። ቴፑ ይይዘዋል፣ እትዬ ትመሰክራለች፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አንገቱን ቀና አድርጎ አይሄድም።

ሐሳቤን ለእትዬ ነገርኳት። በሦስተኛው ቀን «ልጅቷስ?» አለች።

«መልሷ እኮ ቴፑ ላይ አለ። ማርኳን አታጣም።»

«ማርኳን አታጣም። ሲያደርገው ግን ታያለች።»

 ባልዲው ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ ማየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እንዲያም ሆኖ ሐሳቤን አልተውኩም። ክፉ ነበርኩ፣ አልክድም። እሷም ብትሆን በማግስቱ ጣቷን በየቀዳዳው እያስገባች የምደባ ዝርዝሩን ጻፈች፤ የአናጢው ልጅ ከቶሎ በሉ ጋር።

«አንድ መልስ ከቀየረ አስቆመዋለሁ» አለች።

«አንድማ ስህተት ነው ብሎ ያመልጣል! እስከ አሥር ጠብቂ።»

«አንድ።»

«አምስት፣ በሞቴ!»

«አንድ አልኩሽ።»

ገበያ መሃል እንዳለን ተከራከርን፣ ዋጋው ግን አልወረደም። በሆዷ አርባውንም እንዲቀይር ትመኝ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ሆዷን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ።

የፈተናው ቀን አናጢው ልጁን አምጥቶ አስቀመጣትና ወጣ። ልጅቷ እልኸኛ ናት፤ ገና ስትገባ መምህሩን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። እኔ መቅጃውን ከፈትኩ። እትዬ ጥግ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል ቆልፋ።

አንደኛው ጥያቄ አለፈ። ሁለተኛው ላይ «ምን?» አላት።  ሦስተኛው ላይ ልጅቷ ስትታገል ጣቱ ወደ ሰዓቱ ሄደ፤ ቀጭ። በል፣ አልኩ በሆዴ፣ በል ሙላው፣ ወንድ ከሆንክ ሙላው! እሱ ግን እጁን መለሰና ጎንበስ ብሎ «ሦስተኛው ነው ያልሽኝ?» አላት። አይደለም ብላ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ፣ እንደገና ንገሪኝ።» ነገረችው። «አራተኛው።» «አዎ።» ጻፈ፣ መልሶ አነበበ።

እንዲሁ ቀጠለ። አራት፣ አምስት፣ አሥራ ሁለት። አንዴ ተሳስቶ ጻፈና ልጅቷ «ድገሙልኝ» አለችው፤ ደገመ፣ ላጲስ አንስቶ አጠፋ። ፈተናው ከተጨማሪው ሰዓት ጋር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ወሰደ። አርባውንም ያለችውን ጻፈላት። እኔ ቴፑን እየተከተልኩ አንድ ስህተት ለማግኘት ጸለይኩ ማለት እችላለሁ፤ ጸሎቴ አልተሰማም። ቢያዩኝ እስቃለሁ ባያዩኝ እሰርቃለሁ ይሏል ይሄ ነው፣ ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞከርኩ።

አናጢው ልጁን ይዞ ሲወጣ እትዬን አየኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም። አንድ ቃል ነው ያለችኝ፣ ቀስ ብላ።

«ይችል ነበር።»

ለካ የሠላሳ አንድ ዓመት መጽናኛችን ይህ ነበር። አይችልም ነበር፣ አያውቅም ነበር፣ ደንቆሮ ነበር ስንል ኖረናል። ይኸው ቻለ። ጎንበስ ማለትና እንደገና መጠየቅ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ያን ቀን ከሰውየው ይልቅ ይህ ነገር አንገበገበኝ።

እሱ ግን ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተደላደለ። ሻይ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። የለም አልኩት፤ ነበረ።

«ጥሩ ሥርዓት አበጅታችኋል» አለ ላብ እየጠረገ። «በኛ ጊዜ ይሄ ሁሉ የት ነበር? አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ፣ ልክ እንደዚችው። አንድ ቃሏ አይገባኝም። ባዶ ወረቀት ከምትመልስ ብዬ ራሴ ሞላሁላት። ምን ይደረግ፣ ለጽድቅ ነው ያደረግኩት።»

ለጽድቅ! እንደ በጎ ሥራ አስቀምጦት ኖሯል።

እትዬ አንገቷን ወደ እሱ ለማዞር ታገለችና አንድ ነገር ተናገረች። እሱ ወደ እኔ ዞረ። «ምን አለች?»

ዕድሜ ልኬን የእሷን ቃል ለሰው አስረድቻለሁ። ለሐኪም፣ ለሱቅ ሻጭ፣ ለአለቃ። ያን ጊዜ ግን አፌን ዘጋሁ። «ለእኔ አልተናገረችም። እሷን ይጠይቋት» አልኩት።

«ምን አልሽ?» አላት። ደገመችለት። አልገባውም። «እንደገና?» ደገመችለት። በሦስተኛው ከንፈሯን እያየ ሰማት።

«አርባውንም? አርባውንም ነው የምትይው? አዎ፣ አርባውንም...» አለና ቆመ። አርባ መሆናቸውን እሱ አልተናገረም ነበር። እጆቿን አየ፣ አንገቷን አየ፣ እኔን አየ። ጥፍሩ ወደ ሰዓቱ አልሄደም።

እትዬ በአገጯ ወደ ግምገማ ቅጹ አመለከተች። ጸሐፊ በሠራ ቁጥር የሚሞላ ቅጽ ነው፤ በስተመጨረሻ «ሌላ አስተያየት» የሚል ሰፊ ሳጥን አለው። እንደ ልማዴ እስክሪብቶውን አነሳሁ።

«አንቺ አይደለሽም» አለችኝ። «እሳቸው ይጻፉ።»

«እኔ?» አለ።

«ጸሐፊ አይደሉ?» አልኩት እኔ፣ እስክሪብቶውን እጁ ላይ እያስያዝኩ።

በመጀመሪያ እንዲህ አስጻፈችው፤ «ዛሬ አርባ መልስ ጻፍኩ። አርባውንም ተፈታኟ ያለችውን ጻፍኩ። ብቁ ነኝ።» መልሶ አነበበላት። እኔ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። ብቁ! ግን የሆነው ይጻፋል፤ የእኔን የመስመር ስህተት እንዳስጻፈችኝ ማለት ነው። ሐሰት ብታስጽፈው ኖሮ ያላለውን በእሱ ስም መሙላቷ አይደል? እሱም ትንፋሹ መለስ አለና ሊነሳ አለ።

«አልጨረስንም» አለች እትዬ። «ሌላ አስተያየት። አንድ። ሁለተኛው።»

«ምን?»

«ይጻፉ። አንድ፣ ሁለተኛው።»

ጻፈ። «አንድ፣ ሁለተኛው» ብሎ አነበበ።

«ሁለት። አራተኛው።»

ጻፈ፣ አነበበ።

«ሦስት። አንደኛው።»

ከንፈሬ ሳላዝዘው አብሯት ይንቀሳቀስ ጀመር። እሱ በየቃሉ ይጠይቃል፣ እሷ ትደግማለች፣ እሱ ይጽፋል፣ ያነባል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ «ትንሽ ልረፍ፣ እጄ ደከመ» አለ። የጸሐፊዎች መመሪያችንን ተራ ቁጥር ዘጠኝ እኔ ነገርኩት፤ ዕረፍት ለተፈታኝ ነው፣ ለጸሐፊ የለም። ይህን ስናገር አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሠላሳ ሦስተኛው ላይ «አራተኛው» ያለችውን «ሦስተኛው» ብሎ ጻፈና አነበበ።

«ድገሙልኝ» አለችው።

«ሦስተኛው።»

«ድገሙልኝ።»

ቀና ብሎ አፏን አየ። «አራተኛው ነው ያልሽው?» አለ። አዎ አለችው። ሰርዞ አስተካከለ።

አርባኛው ሲያልቅ ከሥሩ እንዲህ አስጨመረችው፤ «እነዚህ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ለእኔ የተነገሩ መልሶች ናቸው። ያን ጊዜ አልጻፍኳቸውም።»  ጻፈው፣ አነበበው፣ ስሙን አስፍሮ ፈረመ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፣ ወረቀቱን እያየ።

«ድገሙልኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለ፣ ከፍ አድርጎ።

«ድገሙልኝ።»

በሦስተኛው ፊቷን እያየ ነው ያለው። «ሰምቻለሁ» አለችው። ይቅር ብያለሁ አላለችም። ብላው እንደሆነ የሚጠይቁኝ አሉ፤ አላለችም፣ እኔም አላልኩም። ባርኔጣውን ረስቶ ወጣ፤ ዘበኛው ሮጦ ሰጠው።

እኔ በቀጥታ ወደ መጋዘን ወረድኩ። የቆርቆሮው ሳጥን ጥጉ ላይ አለ፤ አይጦቹ ዳር ዳሩን ቢበሉትም ቁልፉ ይነበባል። አሁን በጸሐፊ የተጻፈ፣ የተነበበ፣ የተፈረመ ወረቀት ስላለን እትዬ አልከለከለችኝም። ቀዩን እስክሪብቶ ይዤ እዚያው ሳጥኑ ላይ ተቀምጬ አረምኩ። ሠላሳ ሰባት ከአርባ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት። አለቀስኩ፣ አልደብቅም፤ ለአባቴም አለቀስኩለት፣ ይህን ሳያይ ስለሞተ። ፊቴን ታጥቤ ወረቀቱን ፊቷ አስቀመጥኩላት።

ቁጥሩን ብዙ አላየችውም። «የሳትኳቸው የትኞቹ ናቸው?» አለችኝ።

«ዘጠኝ፣ ሃያ ሁለትና ሠላሳ አንድ።»

ጥያቄዎቹን አስነበበችኝ። ዘጠኝንና ሠላሳ አንድን ተቀበለች። «ሃያ ሁለት ግን ጥያቄው ራሱ ልክ አይደለም» ብላ እስከ መውጫ ሰዓት ድረስ ተከራከረችኝ።

ቅጹ ዛሬም ፋይል ውስጥ ነው። ጸሐፊ የሚመድብ ሁሉ ከፍቶ ያነበዋል። ብቁ ይላል፤ የቀረውንም ይላል። ቶሎ በሉ ተመልሶ አልመጣም። የአናጢው ልጅ ፈተናውን አልፋለች፤ ወደ ክፍላችን ብቅ ስትል እትዬንም እኔንም ማረም ጀምራለች።

እኔ ደግሞ አንድ ሥራ ቀርቶኝ ነበር፣ እትዬም አታውቀውም። የታረመውን ወረቀት ማሽኑ ላይ አስተኛሁና፣ የአሥራ አንዱ ልጆች ነገር ስላስተማረኝ፣ ሲጎላ የሚበላሽ ነገር እንዳይኖርበት ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት። አልነበረበትም። ማሽኑ እስከሚችለው ድረስ አጉልቼ አባዛሁትና፣ አድራሻው የምዝገባ ፎርሙ ላይ ስለነበረ፣ በፖስታ ወደ ቶሎ በሉ ቤት ላክሁለት።